ሰው የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ሰው የሚቆምበት ነው ወይ? ሜክሲኮ፣ ለገሀር፣ ስታዲየም፣ ፒያሳ ያላችሁ ግቡበት

የመክፈቻው ፖስት (የኔ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክሩ በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተባለውን ሳያነቡ ያንኑ ነገር ደግመው እየጠየቁ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄዬንና መልሶቹን በቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የያዝኩት፣ የማልስማማበት ቦታ ላይም የራሴን ጨምሬበታለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። እኔና እህቴ የልጆች ጫማ የምንሸጥባት ትንሽዬ ሱቅ ሜክሲኮ አካባቢ ግራውንድ ላይ አግኝተናል። ኪራዩ ለምን እንዲህ ተሰቀለ ብለን ደላላውን ስንጠይቀው መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ በዚህ በር የሚያልፈው ሰው ብዛት። እውነቱን ነው ሰው ያልፋል። ግን ማዶ ካለው ካፌ ቁጭ ብለን ስናይ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት የሚያልፈው በሙሉ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሮጥ ነው፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ይመለስና የታክሲ ሰልፍ ይዞ ለሱቁ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ቀን ላይ ፀሐይ ስለሚመታው ሰው ወደ ማዶ ጥላ ይሻገራል። ስለዚህ እኔ የምለው ኪራይ በሚያልፈው ሰው ብዛት መተመኑ ልክ አይደለም፣ መቆጠር ያለበት የሚቆመው፣ እርምጃውን ቀነስ የሚያደርገው፣ አንገቱን የሚያዞረው ሰው ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ከመክፈላችን በፊት ይሄን እንዴት ነው የምናውቀው? ሱቅ ያላችሁ፣ ህንፃ የምትሠሩ፣ መንገድ የምትሠሩ፣ ዝም ብላችሁ በእግራችሁ የምትሄዱም ጭምር ንገሩን።

ምላሽ 1

መጀመሪያ የመለሰው ለገሀር የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ነው። በሐሳቤ ይስማማል ግን ሰልፉን አትጥይው ነው የሚለው፣ እሱ የሚኖረው በሰልፍ ነውና። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ባትሪው ማለቁን ያያል፣ ቻርጀር ወይ ፓወርባንክ ይገዛል፣ ተራው እንዳያልፍበት ከኋላው ላለው ሰው አደራ ብሎ ሁለት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚፈጅ ዕቃ ግን ለሰልፍ ሰው አይሸጥም። የልጅ ጫማ ደግሞ ልጁን ይፈልጋል፣ ልጁ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ የለም። ይሄ መልስ ለኛ ትልቅ ነገር ነው የከፈተው፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሰውን ስናይ ምን ያህል ነው እንጂ ከማን ጋር ነው የሚሄደው ብለን አላሰብንም ነበር።

ምላሽ 2

አንዲት እናት ባጭሩ ቅዳሜ ሄደን እንድናይ መከረችን። ልጅ ይዞ ከተማ የሚወጣ ሰው ቅዳሜ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ነው። በሥራ ቀን ብቻ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ገበያ አላየውም።

ምላሽ 3

አርክቴክት ናት፣ የገበያ ማዕከል ዲዛይን ላይ ሠርታለች። ረጅም ጽፋለች። ይሄ ነገር ዓለም ላይ ሥራዬ ተብሎ ሲጠና ብዙ ጊዜው ነው ብላ ከዊልያም ዋይት ነው የጀመረችው። ሰውየው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የህንፃ ፊት አደባባዮች ላይ ካሜራ ደቅኖ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚቆም ሲቀርጽ የኖረ ነው። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው የሚያወሩ ሰዎች ለሌላው መንገድ ለመልቀቅ ዳር ይይዛሉ ተብሎ ሲጠበቅ እነሱ ግን እዚያው ሰው የሚበዛበት መሐል ላይ ቆመው ያወራሉ። ሌላው ደግሞ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ያለበት ቦታ ነው የሚለው ነው፣ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል ግን አደባባዮቹን የሠሩት ሰዎች አላሰቡትም ነበር።

ከዚያ ወደ ሱቅ መጣች። ፓኮ አንደርሂል የሚባለው አሜሪካዊ የዋይትን መንገድ ይዞ ወደ ሱቅ ውስጥ ገባ። በር አልፎ እንደገባ ያለውን ቦታ ሰው እንደማያየው አሳየ፣ የገባው ሰው ዓይኑ ብርሃኑን እስኪለምድ፣ እርምጃው እስኪረጋጋ ድረስ እዚያ የተደረደረ ዕቃም የተለጠፈ ማስታወቂያም ያልፈዋል። አንድ ትልቅ የኒውዮርክ መደብር ውስጥ ደግሞ በር አጠገብ ባለ የከረባት መደርደሪያ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ የሚመርጥ ሰው የሚያልፈው ሰው ከኋላ አንድ ሁለቴ ሲነካው ትቶት እንደሚሄድ በካሜራ አየ። መደርደሪያውን ከመተላለፊያው ሲያወጡት ሽያጩ ጨመረ። ምክሯ፣ የሱቃችን በር የታክሲ ሰልፍ ትከሻ የሚነካው ከሆነ ጎንበስ ብሎ ጫማ የሚያይ እናት አናገኝም ነው።

ምላሽ 4

ክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩት መልስ ይሄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ስታዲየም አካባቢ አንድ የገበያ ህንፃ ላይ ፈታሽ ሆና የምትሠራ ልጅ ናት፣ የህንፃውን ስም አልተናገረችም እኔም አልጠየቅኳትም። 3 ቁጥር ላይ የተባለውን አንብባ እዚህ አገር በር ማለት ፍተሻ ነው ብላ ጀመረች። ሰው ገና ሳይገባ ይቆማል፣ ወንድ በአንድ በኩል ሴት በሌላ በኩል ይሰለፋል፣ ቦርሳ ይከፈታል፣ ስልክና ቁልፍ ይወጣል። ካለፈ በኋላ ወንዱ ኪሱን እየሞላ ሴቷ ዚፗን እየዘጋች ወደ ውስጥ ይራመዳሉ፣ ጭንቅላታቸውን ቀና የሚያደርጉት የመጀመሪያዎቹን ሱቆች አልፈው ነው። እሷ ባለችበት በር ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች ተከራይ ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ፣ ኪራያቸው ግን ለበሩ ቅርብ ስለሆኑ ከሁሉም ይበልጣል። የሚቆምላት አንዷ ብቻ ናት፣ ውጪ ግድግዳዋ ላይ ትልቅ መስታወት የሰቀለች ሴት፣ ከፍተሻ የወጣ ሰው ነጠላውን ሻርፑን ለማስተካከል እዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ ያለችው ደግሞ ህንፃው ሲሠራ በብዙ በኩል በር አለው፣ ግን ለእያንዳንዱ በር ወንድና ሴት ፈታሽ ማቆም ወጪ ስለሆነ አንዱ ብቻ ይከፈትና ሌሎቹ በሰንሰለት ይታሰራሉ። በዚህ ምክንያት በታሰረው በር በኩል ያሉት ሱቆች ሞቱ። አርክቴክቱ ሰው በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል ብሎ የሳለው ቀረና የሰውን መንገድ የሚወስነው የጥበቃ ኃላፊው ሆነ።

እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተሰማኝ። ጠዋት ማታ በር ላይ ቆማ የሺዎችን እንቅስቃሴ የምታይ ልጅ እያለች የሚጠይቃት ሰው የለም። ህንፃ ላይ ሱቅ ልትከራዩ የምታስቡ ሁሉ፣ ከደላላው በፊት ፈታሾቹን አናግሩ።

ምላሽ 5

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። መርካቶ የሚነግድ ሰው መጣና 3 ቁጥርን ቆጣ ብሎ መለሰላት። የኒውዮርክ ከረባት ለኛ ምንም አይደለም፣ መርካቶ ሰው እየተገፋ፣ ተሸካሚ በላዩ ላይ እያለፈ፣ ኩንታል እየነካው ዕቃ ይገዛል፣ እሱም ሃያ ምናምን ዓመት ሸጧል ባይ ነው። ፈረንጅ ያለውን ይዞ መጥቶ ማስተማር ሰልችቶናል የሚል ነገርም ጨመረ፣ ይሄኛው አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 6

አርክቴክቷ በትህትና ነው የመለሰችለት፣ ግን አልለቀቀችውም። መርካቶ የሚሄደው ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚገዛውን ወስኖ ነው፣ የትኛው ተራ እንደሚሄድም ያውቃል፣ ስለዚህ ቢገፋም ይታገሣል። እኛ የጠየቅነው ግን ሳይወስን ስለሚያልፍ ሰው ነው። ጨምራም ዋይት የተጠቀመው ቁጭ ብሎ ማየትን ነው፣ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ የማንም አገር አይደለም አለችው። የኛ ሰው ጠባብ የእግረኛ መንገድ መሐል ቆሞ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳም፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ሲጠያየቅ፣ ሌላው ወደ አስፋልት ወርዶ ሲዞራቸው ዕለት በዕለት የምናየው ነው።

በነገራችን ላይ ገበያው ራሱ መጀመሪያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ እንደነበረና መርካቶ የተወሰደው በጣልያን ወረራ ጊዜ መሆኑን ያነሳችው እዚህ ላይ ነው። ሰው ለገበያ ሲል ከፒያሳ ወደ መርካቶ እግሩን መቀየር ከቻለ፣ ዋናው ነገር የሚፈልገው ዕቃ ያለበት ቦታ መሆኑ ነው የሚለውን ነጋዴውም ተቀብሎታል።

ምላሽ 7

ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ጻፉ። የሳቸውን መልስ ብዙ ሰው ወዶታል። ከለገሀር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሲወጡ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር፣ ሲወርዱ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ሰው ዳገቱን በመኪና ይወጣና ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ፣ ቪትሪን እያየ፣ ፖስታ ቤት ጋ ቆም ብሎ። ስለዚህ የቸርችል ሱቅ ገበያው የሚወርደው ሰው ነው፣ የሚወርደውም ከሰዓት በኋላ ነው ብለው ነው ያስረዱን። ሁለተኛው ትዝብታቸው ሰው የሚቆመው ፌርማታው የተተከለበት ላይ አይደለም፣ ሾፌሩ በልማድ የሚያቆምበት ላይ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያ ትንሽ ወደፊት ፈቅ ሲል ቡና ቤቱ፣ ጋዜጣ አዟሪው፣ ሊስትሮው በሳምንት ውስጥ አብሮት ፈቅ ይል ነበር፣ ግንብ ያለው ሱቅ ግን መከተል ስለማይችል እዚያው ይቀር ነበር።

ከዚያ ስለ ባቡሩ ሄዱ። የጂቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የለገሀር ሰፈር እንዴት በመንገደኛ ዙሪያ እንዳደገ፣ ሆቴሉ ሁሉ ለምን ፊቱን ወደ ጣቢያው እንዳደረገ ጻፉ። ከጥያቄው ወጣ ያለ ነው ግን ማንም አላቋረጣቸውም።

ምላሽ 8

ልደታ አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ነው። ለንደን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቢል ሂሊየርና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳደጉት ዘዴ እንዳለ ነገረን። የመንገዶቹን መረብ ብቻ ወስዶ፣ የትኛው መንገድ ከሌላው ሁሉ በጥቂት መታጠፊያ እንደሚደረስ አስልቶ፣ ሰው የት እንደሚበዛ ይገምታል። የመሐል ከተማውን ካርታ አስገብቶ ሲሠራው ከለገሀር ማዘጋጃ ቤት ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቸርችል ከሁሉም ጎልቶ ወጣለት። ነገር ግን ጋሼ 7 ቁጥር ላይ ያሉትን ሲያነብ ካርታው ዳገት እንደማያውቅ ገባው፣ ለካርታው መውጣትም መውረድም እኩል ነው። አሁን ሥራው ላይ ዳገቱን ለመጨመር እየሞከረ ነው፣ ጋሼንም አግኝቶ ሊያነጋግራቸው ጠይቋል፣ እሳቸውም እሺ ብለዋል።

ሌላው ችግሩ ደግሞ የፒያሳ ካርታ ራሱ ተቀይሯል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሶ ድሮ በውስጥ ለውስጥ የሚቆረጥባቸው ጠባብ መንገዶች ጠፉ። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀና አሁን ፒያሳ በቤተሰብ ሆኖ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሰው አለ። የሚያልፈው ሰው ቁጥር ቢመሳሰል እንኳ አካሄዱ አንድ አይደለም፣ አንዱ ይቸኩላል ሌላው ይንሸራሸራል።

ምላሽ 9

ካዛንቺስ የምትሠራ ሴት ጻፈች። አነጋገሯ የተረጋጋ ነው ግን ሐሳቡ ከባድ ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰው አጭሩን ወይ የሚመቸውን መንገድ ይመርጣል የሚል ነው፣ እሷ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የምትሄድበት መንገድ አጭሩ አይደለም። መብራት ያለበትን፣ ሱቅ ያልተዘጋበትን፣ የሚያውቃት የጥበቃ ሰው ያለበትን እያየች ትዞራለች። አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች መብራት ሲገባላቸው መንገዷን ቀይራለች፣ ከመንገዱ ስፋት ይልቅ ብርሃኑ ነው የቀየራት። ቀን ላይ ቆሞ የቆጠረ ሰው ይሄን አያየውም፣ ማታ የቆጠረም ቢሆን የሌሉትን ሴቶች ሊቆጥራቸው አይችልም።

ምላሽ 10 እና 11

አንድ ሰውዬ ይሄ ተጋኗል፣ አዲስ አበባ ሰላም ናት፣ ስልክ ቀማኛ ለወንዱም ለሴቱም እኩል ነው አለ፣ አነጋገሩም ትንሽ ንቀት ነበረበት። ወዲያው ብዙ ሴቶች መለሱለት፣ አንዷ በጣም ተቆጥታ ነው የጻፈችው፣ ከአምባሳደር ወደ ስታዲየም ለመሄድ ስንት ጊዜ ማዶ እንደምትሻገርና ለምን እንደሆነ እያንዳንዱን ጥግ ጠቅሳ ጻፈችለት። እኔ 9ን እና 11ን እደግፋለሁ። የቆጣሪው ዓይን ወንድ ብቻ ከሆነ ሥራው ጎደሎ ነው። አወያዩ ገብቶ ሁለቱን ወገን አረጋግቷል።

ምላሽ 12

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ወንድማችን ነው። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ደስ ብሎት እንደነበር፣ መሐል ከተማ ያሉት ጣቢያዎች ግን ሐዲዱ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ስለሆነ ሊፍት ካልሠራ ለሱ ዝግ መሆናቸውን ጻፈ። ስሙን መጥራት ያልፈለገው አንድ ጣቢያ ደረጃ ስር ቆሞ ሰው ተሸክሞት እንዲወጣ የጠየቀበት ጊዜ አለ። የእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ መኪና እንዳይወጣ የተተከሉት ምሰሶዎች አንዳንድ ቦታ በጣም ተጠጋግተው ዊልቸር አያሳልፉም። ለዓይነ ሥውራን ተብሎ የተነጠፈው ቢጫ ንጣፍም አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ የመብራት እንጨት ላይ ያልቃል። ዋናው ነጥቡ ግን ይሄ ነው፦ አንድ ባለሙያ መጥቶ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ዊልቸር የለም ብሎ መዝግቦ ቢሄድ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ ተጠቃሚ ስለሌለ መወጣጫ አያስፈልግም ይላል። በዚህች ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው የሚደረገው፣ በእግር ስንል ግን ማንን እንደምንቆጥር ማሰብ አለብን። ይሄን መልስ ካነበብኩ በኋላ እህቴ የሱቁን መግቢያ ደረጃ ከፍታ በስልኳ ፎቶ አንስታ መጣች።

ምላሽ 13

ቴክኖሎጂ የሚሠራ ልጅ ካሜራ ላይ ሰው የሚቆጥር ሶፍትዌር መግጠም እንደሚቻል፣ በዋይፋይም የስልኮችን ሲግናል ይዞ ሰው ከየት ወዴት እንደሄደ ማወቅ እንደሚቻል ጻፈ። ምሳሌው የለንደን ምድር ባቡር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለ4 ሳምንት 54 ጣቢያዎች ላይ የስልኮችን የዋይፋይ ግንኙነት መዝግበው፣ ከኪንግስ ክሮስ ወደ ዋተርሉ የሚሄድ ሰው በ18 የተለያየ መንገድ እንደሚሄድ አወቁ፣ ትኬት ግን የገባበትንና የወጣበትን ብቻ ነበር የሚነግራቸው። መጨረሻ ላይ በውስጥ ብታናግሩኝ በጥሩ ዋጋ እሠራላችኋለሁ ማለቱ ሰውን አስቆጣ።

ምላሽ 14

አንድ የሕግ ባለሙያ ጠንከር አድርጎ መለሰለት። የለንደኖቹ በየጣቢያው ማስታወቂያ ለጥፈው፣ ያልፈለገ ዋይፋዩን እንዲያጠፋ ነግረው ነው የሠሩት። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ ሰው ሳያውቅ የስልኩን መለያ መሰብሰብ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ደግሞም አሁን ያሉ ስልኮች መለያቸውን እየቀያየሩ ስለሚልኩ አንድ ሰው አምስት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ለአንዲት የጫማ ሱቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል አለ፣ እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 15

ስለ ማኪያቶ ዋጋ፣ ከዚያ ስለ ኳስ፣ ከዚያ የትኛው ሰፈር ጀበና ቡና ይሻላል በሚለው ላይ ክሩ ረጅም መንገድ ሄደ። እሱን ዘልዬዋለሁ። ከዚያ ውስጥ አንድ ቁምነገር ግን ወጣ። እናቱ ድሮ መንገድ ዳር ቡና ታፈላ የነበረች ልጅ፣ ሰው የሚቆመው እነሱ ጋ ነበር ብሎ ጻፈ። ጀበናዋ፣ ሦስት አራት በርጩማዋ፣ አጠገቧ ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ሎተሪ አዟሪው አንድ ላይ ሆነው ያንን ጥግ መቆሚያ አድርገውት ነበር። ከኋላቸው ያለው ስፌት ቤት ደንበኛ የሚያገኘው ቡና እየጠጣ የሚያየው ሰው ስለነበር ነው። መንገዱ ሲጸዳ እነሱ ተነሱ፣ መንገዱ አማረ፣ አግዳሚ ወንበርም ገባለት፣ ስፌት ቤቱ ግን ገበያው ቀዘቀዘ። እናቱ አሁን የት እንዳለች ሲጠይቁት ቤት ውስጥ ናት ብቻ ነው ያለው። እኔ የሰፋውን የእግረኛ መንገድ እወደዋለሁ፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን መቆሚያ የሚፈጥሩት ሰዎች በዲዛይኑ ውስጥ ቦታ እንዲኖራቸው መጠየቅ አለብን፣ አንድ በርጩማ ስንት ቦታ ይይዛል?

ምላሽ 16

5 ቁጥር ላይ የተቆጣው የመርካቶ ነጋዴ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ለስለስ ብሏል። ሊስትሮውን ጠይቁ አለን። ሊስትሮ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ የሚያየው እግር ነው፣ ስንት ልጅ በዚያ እንደሚያልፍ፣ ጫማው ያለቀ ይሁን አዲስ፣ ስንት ሰዓት ላይ እናቶች እንደሚመጡ ከማንም በላይ ያውቃል። ከ4 ቁጥርና ከ15 ቁጥር ጋር በጣም የሚገጥም ምክር ነው።

ምላሽ 17

የስብሰባና የኮንሰርት ደህንነት ላይ የሚሠራ ሰው ነው፣ ቁጥር ይወዳል። እናንተ መቆም ጥሩ ነው እያላችሁ ነው፣ መቆም የሚገድልበት ቦታም አለ ብሎ ኮስተር አድርጎን ጀመረ። የእንግሊዞች የስታዲየም ደህንነት መመሪያ በአንድ ሜትር ስፋት፣ በደልዳላ ቦታ በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው፣ በደረጃ ደግሞ 66 ሰው ይላል። ስለዚህ 2 ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ 132 ሰው ነው የሚያሳልፈው። ከኳስ ጨዋታ የወጣ 10,000 ሰው በዚያ አንድ ደረጃ ብቻ ባቡር ልያዝ ቢል ከ75 ደቂቃ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ደግሞ ሁለቱ የባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ የሁለቱም ተሳፋሪ አንድ ደረጃ ላይ ነው የሚገናኘው። ደረጃ አናት ላይ ቆሞ ስልክ የሚያነሳ፣ ደረጃ ስር ዕቃ የሚዘረጋ ሰው ያንን 66 ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሴኡል ኢቴዎን ውስጥ 159 ሰው የሞተው 3 ሜትር ገደማ በሆነች ጠባብ መንገድ ነው፣ እሳት የለ ፍንዳታ የለ፣ ከሁለት በኩል የመጣ ሰው ብቻ። መስቀል አደባባይ ለደመራ ስንሄድ መግቢያው ፍተሻ ስለሆነ ሰው ቀስ ብሎ ይገባል፣ መውጫው ላይ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ልጅ የያዘ ሰው ችቦው ከመለኮሱ በፊት በየት እንደሚወጣ ይይ ብሎ አሳስቦናል።

ለኛ ሱቅ በቀጥታ አይመለከትም ግን ያለው ነገር እውነት ስለሆነ ሙሉውን አስቀምጬዋለሁ። መቆሚያና መተላለፊያ የተለያየ ቦታ ይፈልጋሉ፣ የደረጃ ጫፍ መቆሚያ አይደለም።

ምላሽ 18

አርክቴክቷ ሁሉንም አንብባ እንዴት እንደምንቆጥር ጻፈችልን። ከበሩ ፊት ዓይን የሚታሰር መስመር ምረጡ፣ የድንጋይ ንጣፉ መገጣጠሚያ ይበቃል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ብቻ ቁጠሩ፣ ሙሉ ሰዓት የቆጠረ ሰው ይደክመውና መገመት ይጀምራል። ለአራት ነገር ምልክት አድርጉ፦ ያለፈ፣ ቀስ ያለ፣ የቆመ፣ የገባ። ከጎኑ ልጅ ይዞ ከሆነ አንድ ነጥብ ጨምሩ። ፀሐይ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ሰልፉ የት እንደደረሰ ከላይ ጻፉ። ሥራ ቀን፣ ቅዳሜ፣ የበዓል ዋዜማ ለየብቻ ይያዙ። አንድ ሴት ሁልጊዜ ከቆጣሪዎቹ ውስጥ ትኑር፣ ምሽቱም እንዳይዘለል።

ምላሽ 19

የለገሀሩ ልጅ ክረምትስ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰው በሙሉ ወደ በረንዳ ይጠጋል፣ የባቡሩ ድልድይ ስር ይገባል፣ ጣራው ወጣ ያለለት ሱቅ በር ላይ ሃያ ሰላሳ ሰው ይቆማል። ያ ሰው ገዢ ነው ወይስ ዝናብ ጠባቂ? አርክቴክቷ አይቆጠርም ትላለች፣ እሱ ይቆጠራል ይላል፣ ምክንያቱም ዝናብ ያቆመው ሰው ሥራ ፈቶ ዕቃ ያያል፣ እሱም በክረምት ጃንጥላ ብቻ አይደለም የሚሸጠው። እስካሁን አልተስማሙም። እኔ ለብቻው አምስተኛ ምልክት እንዲሰጠው ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

ምላሽ 20

ጋሼ ቸርችል ላይ ፖስታ ቤት ጋ ቁልቁል የሚወርደውን ሰው ከሰዓት በኋላ ሊቆጥሩ፣ የልደታው ተማሪ አብሯቸው ሊሆን ተስማሙ። የካዛንቺሷ ሴትና እህቴ የሜክሲኮውን ምሽት ይይዛሉ፣ የስልክ ዕቃ ሻጩ ለገሀርን። ስታዲየምና መስቀል አደባባይ ገና ሰው አልተገኘላቸውም፣ በነዚያ የምታልፉ ቅዳሜ ጠዋት ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚመቻችሁ ከዚህ በታች ጻፉ፣ ወረቀቱን እኔ አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ።